ካልሲው ስር

እህል በረንዳ ሙሉ የሚፈራቸው ሐጂ «ወንድ ሐኪም የለም ወይ?» ብለው ክሊኒኩን ካመሱ በኋላ፣ በቁምጣና በካልሲ ብቻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጡት ክንዳቸው ላይ ለወጣች ኪንታሮት ነው። ወጣቷ የቆዳ ሐኪም ግን ኪንታሮቷን ባንዴ አይታ ተወቻትና ከራስ ቅላቸው ጀምራ ጆሯቸውን፣ ጀርባቸውን፣ የጣቶቻቸውን መሃል ሳይቀር በባትሪ እየፈተሸች ቁልቁል ወረደች።

«አሁን ካልሲዎን ያውልቁ፣ ሐጂ።»

«እግሬን በቀን አምስቴ ነው የምታጠበው፣ ልጄ። እሱን ተይው።»

«መታጠቡንስ ይታጠባሉ። ውስጥ እግርዎን አይተውት ያውቃሉ?»

ሐጂ ወደ ካልሲያቸው አጎነበሱ። እሳቸው ጤፍ ሲገዙ ከላይ የተነሰነሰውን ነጭ ማኛ ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም፤ የእህል መፈተሻ ብረታቸውን ከጆንያው ታች ሰክተው የተደበቀውን ነው የሚያወጡት። በዚህ ስንቱን ነጋዴ አስለቅሰዋል። ዛሬ ጆንያው እሳቸው ሆኑ። ካልሲውን አወለቁ።

ሐኪሟ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ተረከዛቸውን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ያዘች። ውስጥ እግራቸው ላይ ምስር የምታክል፣ ጠርዟ ያልተስተካከለ ጥቁር ነጥብ አገኘች።

«ካንሰር ልትሆን ስለምትችል ቆርጠን እናስመረምራታለን። ግን ገና ትንሽ ናት፣ በጊዜ ደርሰንባታል።»

ሐጂ የተንበረከከችውን ልጅ አዩዋት። ከዚያ በቁምጣቸው እንደሆኑ ወደ ኮሪደሩ ተጣሩ፦

«ሀፍሷ! ነይ ግቢ፣ ተራው ያንቺ ነው!»

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አሉ ባለቤታቸው።

«እሱን እሷ ትንገርሽ!»