ጋቢና የተቀመጠ ሰው

ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ነክቶ ድርርር ሲል ሹፌሩ ዮፍታሄ ብንን ብሎ መሪውን መለሰው። ይኼ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ነፋስ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን የምን ነፋስ፣ ዛፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን አሥራ አንድ ቱሪስት እንቅልፉን ይለጥጣል። ምን ያድርጉ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከበረዶ ግግሩ ወደ ፏፏቴው፣ ከፏፏቴው ወደ ሐይቁ ስንዞር ነው የዋልነው። የሐይቁ ሰማያዊነት ዓይን ይወጋል፤ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የተመኘሁት ይህን የመልስ መንገድ ነው። ዳውንታውን ቢሮ ሳጸዳ አድሬ በቀጥታ ነው የመጣሁት። ትኬቱን የገዛችልኝ ልጄ ሮሚ ናት፤ «እማዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካናዳ፣ ካልጋሪ ኖረሽ ተራራውን ከሩቅ ብቻ? ሼም ነው!» ብላ። እግሬ አብጧል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፤ እስከ ቤቴ ለጥ ልል ነበር።

ችግሩ ጋቢና መቀመጤ ነው። ጠዋት ሹፌርም አስጎብኚም የሆነው ዮፍታሄ ያገሬ ልጅ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ እሱም «እትዬ፣ እርስዎማ ጋቢና ነው» ብሎ ደግፎ አስገባኝ። ክብር ነው፣ ግን ዕዳም አለበት። ጋቢና የተቀመጠ ሰው አይተኛም፤ ሹፌሩን ያጫውታል። የደሴን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ማጫወት ጀመርኩ።

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ፣ እትዬ።»

«ልጅስ?»

«መንታ። ሚስቴ አራስ ናት፤ ገና ሃያ ቀኗ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ ማን ያርሳታል?»

«እኔው ነኛ፣ ማን አለን? ሌሊት ደግሞ ዌርሃውስ ዕቃ ስጭን ነው የማድረው። ዛሬም ከሽፍት ወጥቼ ቀጥታ...»

አልጨረሰውም። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው፣ እሱ ግን የለም።

«አንተ ዮፍታሄ!» ብዬ ጭኑን በጥፊ አጮልኩት።

«አቤት! አለሁ፣ አለሁ።»

«የት አለህ! በል ዳር ይዘህ ቁምና ትንሽ ተኛ።»

«አልችልም። ቫኑ ጂፒኤስ አለው። ያለ ፕሮግራም ስቶፕ ካደረግኩ ከቢሮ ወዲያው ኮል ያደርጉልኛል። ሁለት ዋርኒንግ አለብኝ፤ ሦስተኛው ፋየር ነው፣ ከሥራ መባረር።»

«ሞተህ ስትገኝስ ምን ሊያደርጉህ ነው?»

«ካንሞር ከተማን አልፈናል እኮ፣ ካልጋሪ ለመግባት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እባክዎ እትዬ፣ አይፍረዱብኝ።» ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ተናደድኩ። በእሱ አይደለም ብል ውሸት ነው፣ በእሱም ነው። አሥራ አንድ ሰው ከኋላ ጭኖ! ለፖሊስ ብደውል የመንታዎቹ እንጀራ ይቋረጣል፤ ዝም ብል ሁላችንም እንቋረጣለን። ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና እያጓራ ሲያልፈን ቫኑ ተንገዳገደ።

«ቆይ፣ ሰው ቢታመምስ?» አልኩት።

«ምን?»

«መንገደኛ ቢታመም መቆም ይፈቀዳል ወይ?»

«እሱማ ግዴታ ነው።»

«እንግዲያው ታመምኩ» አልኩና አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ጮኽኩ፤ «ስቶፕ! ሊያስመልሰኝ ነው! ስቶፕ!» በስድሳ አንድ ዓመቴ ተዋናይ ሆኜ አረፍኩት።

የተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ዮፍታሄ የመኪና ማረፊያ ሲያገኝ ዳር ይዞ አቆመ። ፈረንጆቹ ተሸክመው ሊያወርዱኝ ምንም አልቀራቸው። ሳሩ ላይ ጃኬታቸውን አንጥፈው አጋደሙኝ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ብስኩት ይዞ ተሻማብኝ። ደግነታቸው አሳፈረኝ። ዮፍታሄ ለቢሮው ደውሎ «ተሳፋሪ ታማብኝ ነው» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በሩን ክፍት ትቶ መቀመጫው ላይ ተመለሰ፤ ሁለት ደቂቃም አልቆየ፣ ግንባሩ መሪው ላይ ዘፍ አለ።

ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ናት። እኔ ደግሞ እንቅልፌ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ በሽፋሽፍቴ ሥር ዮፍታሄን እጠብቃለሁ።

«ሃያ ደቂቃ ሆነን እኮ!» አለ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ሰዓቱን እያየ። «የማታ በረራ አለብኝ። አሁን ተሽሏታል፣ አይደል? ሹፌሩን ልጥራው።»

«ቆይ፣ እኔ ልያት» አለች ሽበቷን የጎነጎነች ሴትዮ። «ነርስ ነበርኩ፤ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ።»

ወይ ጉዴ! አለቀልኝ። አርባ ዓመት የሰው ትርታ ሲቆጥር የኖረን እጅ በምን አታልለዋለሁ? አጠገቤ ተንበርክካ የእጄን አንጓ ያዘች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች፣ ግንባሬን ዳሰሰች። ከዚያ ትክ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ቫኑ ሄደ፣ የእሷም ተከተለው።

ዮፍታሄ አፉ ተከፍቷል። ለሃጩ እጅጌው ላይ ይንጠባጠባል። አንድ እጁ አሁንም መሪውን እንደጨበጠ ነው። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እ? ተሻላት?» አለ ሰውዬው።

«በፍጹም» አለች፣ እጄን ሳትለቅ። «ገና ግማሽ ሰዓት መተኛት አለባት። በረራህ አያመልጥህም፣ አትጨነቅ።»

ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ወደ ቫኑ ሄደችና የሹፌሩን በር፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ገጠመችው።