እማዬን ያሞኛት ሻጭ

ሻጩ እናቷን እንዳሞኛት ጠበቃዋ ልጅ ያወቀችው ሆቴል በገቡ በመጀመሪያው ጠዋት ነው።

እናትየው ከጋበዘቻቸው የውጭ አገር ጉዞ በፊት ሦስቱ ልጆቿ በኢንተርኔት ጉዳይ ሲነታረኩ ሰንብተዋል። ጠበቃዋ የአገር ቤት ቁጥራችንን በሮሚንግ እንጠቀም አለች፤ ወንድሟ መሐንዲሱ ያለ ካርድ የሚሠራው ኢሲም ይሻላል አለ፤ ጢም አብቅሎም ማሙሽ መባል ያልቀረለት የመጨረሻው ልጅ ደግሞ እዚያው ሲም ካርድ እንግዛ አለ።

"ለእኔ ተዉት፤ ጋባዧ እኔ ነኝ" አለች እናትየው።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ልጆቹ ሻንጣ ሲጠብቁ፣ እሷ ከአንድ አፈ ቅቤ ሻጭ ጋር ስትሳሳቅ ቆይታ የሳሙና ቁራጭ የምታክል የኪስ ዋይፋይ ማሰራጫ ተከራይታ መጣች። አንዷ ለአራቱም ትበቃለች ተባለ።

አልበቃችም። እናትየው ዋይፋይዋ ያለችበትን ቦርሳ ይዛ ከሶፋው ወደ መስኮቱ ብትሄድ ሶፋው ላይ ያለው ሁሉ ይቋረጥበታል። የሆቴሉ ኢንተርኔት እንደሆነ ለስሙ ያህል ነው።

"እማዬ፣ ሰውዬው አሮጌ ዕቃ አሸክሞሻል!"

"ይሆናል። እኔ ምን አውቄ።"

"ዛሬውኑ እንመልሰው!"

"ተይው፣ የሰው ልጅ ነው። በእኔ ግብዣ ላይ ሌላ የገዛ ግን ተቀያየምን።"

ሳምንቱን ሙሉ ኢንተርኔት ያማረው እናትየውን ተከተለ። ሙዚየም ስትገባ ገቡ፤ መናፈሻ ስትቀመጥ አንዲት አግዳሚ ላይ ተጣብበው ተቀመጡ። የየራሳቸው ክፍል እያላቸው ማታ ማታ እሷ አልጋ ላይ ይኮለኮሉ ነበር። የስልካቸው ባትሪ ሲያልቅ ወሬው ይጀመራል። ማሙሽ በልጅነቱ መስታወት ሰብሮ በእህቱ ማሳበቡን ያመነው እዚያ ነው፤ በሳቅ ፈረሱ።

ጠበቃዋ አብራ ሳቀች እንጂ እልኋ አልበረደም። እናቷ በስተርጅና የሰው መጫወቻ መሆኗ አንገበገባት። "ብቻ እሱን ያገናኘኝ!" እያለች ክሱን በልቧ ስታረቅቅ ሰነበተች።

በመመለሻቸው ቀን እናትየው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወዳለው የሻጩ ጠረጴዛ ዕቃውን ልታስረክብ ብቻዋን ፈጠን ብላ ሄደች። ጠበቃዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከኋላዋ ደረሰች። "አንተ ሌባ" ልትል አፏን ስትከፍት፣ እናትየው ጠረጴዛው ላይ ወደ ሻጩ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ተባረክ የኔ ልጅ፣ ልክ እንዳልኩህ ነው ያደረግክልኝ፤ ለከርሞ ግን የሚደርስበት ርቀት ከዚህም የሚያጥር ፈልግልኝ፣ ማሙሽን በር ላይ ቆሞም ይደርሰው ነበር።"