የተረፈው ግድግዳ

እሳቱ የተነሣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ አዋቂው ሥራ፣ ልጁ ትምህርት ቤት በሄደበት ሰዓት። ከፋብሪካው አጥር ሥር በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አርባ ሦስት የጣውላ ቤቶች ነበሩ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አርባ ሁለቱ ዐመድ ሆኑ።

የተረፈው የመጨረሻው፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ነፋሱ ፊቱን አዙሮላት ይሆናል ተባለ። በሯ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቤት ቁጥር እንኳ አልጠቆረም።

ልብስ ሰፊዋ ግን ለመደሰት ጊዜ አላገኘችም። ከጎኗ ባለው ቤት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነበረች። ሲያወጧት የሁለቱም እጆቿ ቆዳ እንደ ጓንት ተገፎ ነበር። ከረድፉ መሐል አንድ ሽማግሌ ከነአልጋቸው ተቃጥለዋል።

ማን እንዳቃጠለው ለማወቅ ብዙ የተመራመረ የለም። የፋብሪካው ባለቤት መሬቱን ከተመኘው ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለቴ የማስነሻ ደብዳቤ አስለጥፏል፤ ሁለቴም ሰፈሩ ቀዶ ጥሎታል። «ካልወጣችሁ ታያላችሁ» ብሏል የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ በገዛ ጆሮው የሰማ ግን አልተገኘም።

ዕጩው ዐመዱ ሳይበርድ ደረሰ። ለምርጫው ዐሥር ቀን ቀርቷል። «የቤት አልባው አባት» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው የሚሉም አሉ። ከኋላው ብርድ ልብስ እስከ አፉ የጫነ መኪና ተከትሎታል። ከቤት ቤት፣ ማለትም ከዐመድ ዐመድ እየተዘዋወረ ሰው አቀፈ፣ አለቀሰ። እንባው የምር ነበር፤ ጢሱ ማንንም ያስለቅሳል።

የረድፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ቤት ተርፏል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ የእሷ መሆኑን ነገረችው። ዕጩው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እዚህ አካባቢ የማታውቀው ሰው አይታ እንደሆነ ጠየቃት።

የማታውቀው ሰው አላየችም። ያየችው ዝግነውን ነው።

ዝግነው የፋብሪካው ዘበኛ ነው። በር ላይ ቆሞ ለመጣው ሁሉ «ዝግ ነው» ከማለት ሌላ ቃል ስለማይወጣው ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እህቷን ለማውጣት ስትሮጥ፣ ከቤቷ ጀርባ ጄሪካን ይዞ ሲያጎነብስ አይታዋለች።

«ጄሪካን?» አለ ዕጩው። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀው። «እህቴ፣ ይሄንንማ ለሕዝቡ መናገር አለብሽ።»

ክንዷን ደግፎ መኪናው ላይ አወጣት። ብርድ ልብሶቹ ላይ የተጋደመውን ጥቅል ባነር ተደገፈች። እጇ ልማድ ሆኖባት ጠርዙን ዳሰሰች። ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ሳይቸኮል የተሰፋ ነው። የምስማር መግቢያ ቀለበቶቹ እኩል እኩል ተራርቀው ተመትተዋል።

ዝግነውን ከጥበቃ ቤቱ ጎትተው አመጡት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። አንዱ ከፍርሃት ሸንቶበታል ሲል ሰው ሳቀ፤ በዚያ ቀን የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

የዘበኛው ነፍስ አሁን በልብስ ሰፊዋ አፍ ላይ ተንጠልጥላለች። እሷም ታውቀዋለች። ሲያቃጥል አላየችም፤ ያየችው ጄሪካን ነው። ይህንኑ ብቻ ልትናገር አስባ ነበር። ዕጩው ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋው።

«የእህትሽን እጅ አስቢ» አላት።

አሰበች።

«እሱ ነው» አለች።

ዝግነው ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ እኔ እኮ ቤትሽን...» ሲል ድንጋይ አፉን መታው። ጥርሱን ከነደሙ ተፋ።

ብረት ያገኘ በብረት፣ አካፋ ያለው በአካፋ ወረደበት። አንዲት እናት የጠቆረ ድስቷን ከዐመዱ አውጥታ መጥታ ጭንቅላቱን መታችው። ክንዱ ሲሰበር ድምፁ መኪናው ላይ ድረስ ተሰማ። ዕጩው «ወንድሞቼ፣ ተዉ፣ ሕግ አለ» ይል ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ግን አጥፍቶታል። ዘበኛው መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም መቺው አላቆመም።

ጋዜጠኞች ሲደርሱ ሬሳው ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። ዕጩው ጀርባውን ለቤቶቹ ሰጥቶ መግለጫ መስጠት ጀመረ። ረዳቶቹ በዚህ መሐል ባነሩን ሊሰቅሉ ወረዱ። የሚሰቀልበት ቆሞ የቀረ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ በፕላስተር ሊለጥፉት ሞከሩ፤ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ስለነበር አልይዝ አላቸው። ተነጫንጨው በምስማር መቱት።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ወርዳ ወደ ቤቷ ሄደች። እጇን መታጠብ ፈልጋለች፤ እጇ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ባነሩ በሯን ጋርዶታል። ገልጣ ልትገባ ጠርዙን እንደያዘች ጽሑፉን አየችው፤ ቁልፏን በእጇ ይዛ፣ እዚያው ቆማ፣ አንድ በአንድ አነበበችው።

«ለተቃጠሉት አርባ ሦስት ቤቶች ፍትሕ!»