ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ

ጤፍ የተጫነች አህያ በጎን አልፋቸው ሄደች። እትዬ ጌጤነሽ በመስኮት አዩዋት፤ አህያዋም ዞር ብላ አየቻቸው።

"ዲንሳ፣ አህያ ቀደመችህ።"

"ትቅደም፣ አዳዳ።"

ዲንሳ በአባቱ እህት ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ነዳጅ መስጫውንም ጠበቅ አድርጎ አይረግጥም። "የመኪናዋ መጽሐፍ፣ ሞተሯ እስኪላመድ የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር ከስድሳ በላይ አትንዳ ይላል።"

"ይኼ ስድሳ ነው?"

"ሃያ አምስት። ለጥንቃቄ ነው።"

ስምንት ዓመት መርከብ ላይ ሠርቶ የገዛት ናት። ጥቁር፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች መኪና። እሱ ግን እንዳትደክምበት ብሎ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣት። እትዬ ጌጤነሽ ይኼን የሰሙ ለታ ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

ዛሬ ግን ሳቅ የለም። ከአምቦ ጉደር የሚወርዱት የኦቦ ቀነዓን ልጅ፣ ዱሬቲን፣ ሊለምኑለት ነው። ኦቦ ቀነዓ ባለፈው አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቢላክባቸው፣ "ወገን ለሌለው፣ ባሕር ለተፋው ሰው ልጄን አልሰጥም። ሰው አለኝ ካለ ሰዉን ይዞ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይምጣ፤ ካለዚያ ሌላ ጠያቂ አለ" ብለው መልሰውታል። የዲንሳ ሰው ተለቅሞ ተለቅሞ ሁለት ነው። ከፊት እትዬ ጌጤነሽ፤ ከኋላ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ነክቶ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው እንቅልፍ የጣላቸው ኦቦ ፉፋ። ወጉ ቢሆን ጠያቂው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ይኼኛው መሪዋን ለሰው አልሰጥም አለ።

"እኔ ወንጪ ላይ ስንት ፈረስ ገርቻለሁ" አሉ እትዬ ጌጤነሽ። "ፈረስ የሚገራው በግልቢያ ነው። በጊዜ ካላስጋለብከው ዕድሜ ልኩን ሲለግም ይኖራል።"

"ፈረስ ፒስተን የለውም፣ አዳዳ።"

"ፒስተን ባይኖረው ሚስት ያመጣል!"

ዲንሳ ጥጉን ይዞ አቆመና ወረደ፤ ትንፋሽ ትውሰድ ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። አጎንብሶ ጆሮውን ሰጣት። ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ያኔ ነው እትዬ ጌጤነሽ አንድ ገበሬ ያዩት። ባርኔጣውን አውልቆ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ወደ ኋላ ዞር አሉ። የጌዶ አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላቸው ቆሟል፤ ሾፌሩ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዟል። ከአውቶቡሱ ኋላ ፈረሰኞች፣ ከፈረሰኞቹ ኋላ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ። ጥሩንባ የሚነፋ የለም፤ ላልፍ የሚል የለም።

አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መስኮቱ ጋ መጣች።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እትዬ።" ከኋላ የተከናነቡትን ኦቦ ፉፋን አየችና ዓይኗን ሰበረች። "በየማረፊያው እያሳረፋችሁ መሄዳችሁ ደግ ነው። ዛሬ ይኼን ወግ የሚያውቅ ጠፍቷል።"

ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገድ ሰባት ጊዜ ያርፋል። ዲንሳ ሦስቱን አድርሷል።

እትዬ ጌጤነሽ አፋቸውን ከፈቱ። ማንም አልሞተም ሊሉ ነበር። ከዚያስ? ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምትጎተቱት ሲባሉ ምን ሊሉ ነው? ለሩጫ የተሠራች መኪና ይዘን መጽሐፍ ከልክሎን? ከዚህስ ሬሳ መያዝ ይሻላል። አንገታቸውን ደፉ።

"እናንተንም ያጽናችሁ" አሉ።

ሴትዮዋ እያለቀሰች ሄደች። ዲንሳ ተመልሶ ሲገባ ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

"አንተ ልጅ፣ አገር ሁሉ ቀባሪ ሆኖ ተከትሎናል። ቀነዓ ደጅ ይኼን ለቅሶ ይዘን ልንደርስ ነው? ንዳ! አምልጥ!"

ዲንሳ በመስተዋት አየ። ከንፈሩን ነክሶ ረገጠ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ።

"ስንት ገባህ?"

"ሠላሳ" አለ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

አውቶቡሱም ሠላሳ ገባ።

ኦቦ ቀነዓ ከዘራቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመው ፀሐይዋን ያያሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ጥቁሯ መኪና አጥሩ ሥር ቆመች፤ አውቶቡሱም ከኋላዋ ቆመ። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወረደ፤ ወንዱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዝም ብሎ አጥሩን ሞላው። ፈረሰኞቹም ደርሰው ወረዱ። ዲንሳ ዓይኑን ጨፍኖ መሪዋ ላይ ተደፋ።

እትዬ ጌጤነሽ ወርደው ወንበሩን ወደ ፊት አጠፉ። ኦቦ ፉፋ ነቁ። እየተንጠራሩ ወጡ፤ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡና ሕዝቡን ሲያዩ፣ "ነጋያ? እንዴት ናችሁ?" አሉ።

አንዲት ሴት ጮኸች። ሁለት ሰው ወደ ኋላው ተቀመጠ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ግን እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "እልልል!" ስትል አጥሩ በሙሉ ተቀበላት። እልልታው ጉደርን አናወጣት። ወንዱ ባርኔጣውን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሾፌሩ ኦቦ ፉፋን ጉንጫቸውን ይስማል፤ ፈረሶቹ ያሽካካሉ። ዱሬቲ በበሩ ስንጥቅ ብቅ ብላ አፏን በመዳፏ ይዛለች።

ኦቦ ቀነዓ ከዘራቸውን ተደግፈው ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይኼ ሁሉ የልጁ ሰው ነው?"

እትዬ ጌጤነሽ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም። ወደ ዳገቱ ዞር ብለው አዩ። እግረኛው አቧራውን እያስነሣ ገና መውረዱ ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"በእግር የሚመጡት ገና አልደረሱም" አሉ።