ሁሉ ጠፍቶ የሚበላው

«ሁሉም ጠፍቷል?» ትላለች የሶላር ባለሙያዋ፣ ከቆጣሪው ሥር ወንበር ላይ ቆማ።

«ሁሉም» ይላል ባሌ። ፍሪጁን ነቅሏል፤ ቴሌቪዥኑን ነቅሏል፤ የኢንተርኔቷን ሳጥን ሳይቀር ነቅሏል። ገመዶቹ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል።

«አባትስ? እርስዎ ጋ የበራ መብራት አለ?»

«መብራት የለም፣ ልጄ» ይላሉ አማቼ። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ናቸው። ከተቀመጡ ጀምሮ ጀርባቸውን አላስደገፉም።

ባለሙያዋ አፉ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚከፈት መለኪያዋን ወደ ቤቱ በሚገባው ሽቦ ላይ ታጠልቃለች። ቁጥሩን ታያለች። ታወልቀዋለች፤ መልሳ ታጠልቀዋለች።

«ኃይል የሚበላ ነገር አለ።»

«ምን ሊበላ? ቤቱ እኮ ባዶ አንጀቱን ነው» ይላል ባሌ።

«ትንሽ ነው፤ ግን አያቋርጥም።» ከወንበሩ ወርዳ ታስረዳናለች። አቅማችን የሚፈቅደው ሁለት የፀሐይ ፓኔል፣ አንድ የኃይል መቀየሪያ ኢንቨርተርና አንድ ባትሪ ነው። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና አምፖሎቹ ተደምረው ባትሪውን እንደምንም ንጋት ላይ ያደርሱታል። «ያላወቅነው በላተኛ ካለ ግን ሌሊት ላይ ጨለማ ውስጥ ናችሁ። ያኔ የምትሰድቡት እኔን ነው።»

«ጎረቤት መስመር ቀጥሎብን ቢሆንስ?» ይላል ባሌ፣ ዓይኑ እያበራ። ይህን ጥርጣሬ ለዓመታት ሲቀልበው ኖሯል።

«አላለቀም እንግዲህ?» ይላሉ አማቼ። ባለሙያዋ ከገባች ጀምሮ ደጋግመው ጠይቀዋል። ሲጠሩ እንኳ «መጣሁ» ብለው፣ ሻያቸውን ጨርሰው፣ ብርጭቆውን አጥበው የሚነሱ ሰው ናቸው። ዛሬ ምን እንዳስቸኮላቸው አይገባኝም።

«ከሰዓት በኋላ ፈረቃችሁ አይደል? መብራት ሳይሄድ እጨርሳለሁ።»

«አባዬም አብሮት ነው የሚሄደው» ይላል ባሌ። «መብራት ጠፋ ማለት ገብቶ ተኛ ማለት ነው። አንድ ብሬከር ላይ ናቸው።»

እውነቱን ነው። እኩለ ቀንም ቢሆን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ክፍላቸው ገብተው ብርድ ልብስ ይከናነባሉ። እርጅና ነው ብለን ትተነዋል። አማቼ ግን ዛሬ በቀልዱ አይስቁም።

ባለሙያዋ ወንበሩ ላይ ትመለሳለች። «አንድ በአንድ ላጥፋ። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን በላተኛችን እዚያ ነው።»

የሳሎኑን ብሬከር ታጠፋለች፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም። የኩሽናውን ታጠፋለች፤ ያው ነው። ባሌ በመስኮት የጎረቤታችንን ጣሪያ ያያል። እኔ የማየው አማቼን ነው፤ ጣቶቻቸው የወንበሩን ክንድ ጨምድደውታል።

የኋላውን ክፍል ታጠፋለች።

«ዜሮ።»

«መልሺው» ይላሉ አማቼ። ቆመዋል። «መልሺው ልጄ፣ ይበርዳቸዋል።»

ባለሙያዋ ብሬከሩን ትመልሳለች፤ ሦስታችንም ተከትለናቸው ወደ ክፍላቸው እንገባለን። ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ። ኮቶቻቸው ወደ አንድ ጥግ ተገፍተዋል፤ ከሥራቸው በአሮጌ ሹራብ የተሸፈነ ካርቶን አለ። ሹራቡን ሲያነሱት ፊታችን ቢጫ ይሆናል። አንድ አምፖል፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ጭድ ላይ የተደረደሩ እንቁላሎች። መሃላቸው ጠፍቶብኝ ከባሌ ጋር የተኳረፍኩበት የትኩሳት መለኪያ ተጋድሟል።

«አባዬ» ይላል ባሌ። ያለፈው ዙር እንቁላል መብራት ሄዶ ሲበላሽና ቤቱ ሲሸት፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንቁላል እንዳላይ ብሎ ነበር። «ትቻለሁ አላልክም?»

«እነዚያን ትቻለሁ። እነዚህ ሌሎች ናቸው።»

«መብራት የለም አሉኝ እኮ» ትላለች ባለሙያዋ። የተቆጣች አትመስልም፤ ተንበርክካ ካርቶኑ ውስጥ እያየች ነው።

«መብራት አለ ወይ አልሺኝ፤ የለም አልኩሽ። ይቺ መብራት አይደለችም። እናታቸው ናት።»

ባለሙያዋ አንገቷን አዘንብላ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ታነባለች። «አርባ ዋት ነው። ማታ ለጥቂት ሰዓት ከሚከፈት ቴሌቪዥን፣ ሌሊቱን ሙሉ የምታድር እናት የበለጠ ትበላለች። ባትሪው ሁለቱንም አይችልም።»

«ኳሴን ለጫጩት ልሠዋ?» ይላል ባሌ።

«ኳስህን እይ። እስካሁንስ በባትሪ ነው እንዴ? እኔ ዘዴ አለኝ።»

«ምን ዘዴ?» እላቸዋለሁ።

ሳይመልሱልኝ አምፖሉ ይጠፋል። ባለሙያዋ ቀና ብላ ወደ ኮሪደሩ ታያለች፤ ብሬከሩን የነካው ሰው የለም። ፈረቃው ነው፤ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ።

አማቼ ጫማቸውን ያወልቃሉ። አልጋቸው ላይ ወጥተው በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ሹራባቸውን እስከ ደረታቸው ሰብስበው ብርድ ልብሱን በአንድ እጃቸው ከፍ ያደርጋሉ። ሁሉንም የሚያደርጉት ሳይቸኩሉ ነው፣ እንደ ለመደ ሰው።

«አቀብለኝ» ይሉታል ልጃቸውን። «ቀስ ብለህ። እርስ በርስ አታጋጫቸው።»

ባሌ አባቱን ያያል፤ ብርድ ልብሱን ያያል። ከዚያ ይንበረከክና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከሆዳቸው ሥር ያስጠጋል። ባለሙያዋ ብርድ ልብሱን ተቀብላ ይዛለች።

የመጨረሻው እንቁላል ላይ እጁ ይቆማል። በመዳፉ እንደያዘው ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። በቤቱ ውስጥ የሚሠራ ምንም ነገር የለም። ትንፋሻችንን ዋጥ ስናደርግ ለሁላችንም ይሰማል፦ ከቅርፊቱ ውስጥ፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ ያለ፣ ቀጭን ኳኳታ።

«ቴሌቪዥኑን ከሒሳቡ አውጪው» ይላታል ባለሙያዋን፣ እንቁላሉን ከጆሮው ሳያነሳ።