ጃንጥላውን ያጠፈችው ሚስት

የሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ሊፍት ወደ ላይ ብቻ እንዲሠራ ከተደነገገ ወዲህ ነዋሪው ወደ ሥራ የሚወርደው በጃንጥላ እየዘለለ ነው። ዘልሎ መውረድ ያልቻለ ከሥራው ይባረራል። ኩባንያው ከደሙ ንጹሕ ለመሆን የእያንዳንዱን ጃንጥላ የገዛ ቤተሰቡ እንዲያጥፍ አዟል።

ይልቃል በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆሟል።

«ማን አጠፈልዎት?» አለው አሠልጣኙ።

«ባለቤቴ።»

«በሰላም ነው የተለያያችሁት?»

ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሠልጣኞች ሳቁ። «ከሚስቱ የተጣላ ክንፍ ያብቅል» አለ አንዱ።

ይልቃል አልሳቀም። ትናንት እራት ላይ ወጡ ቀጠነ ብሎ ሳህኑን ፊቷ ላይ ወርውሮባታል። ዛሬ ጠዋት ግንባሯ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ጃንጥላውን ስታጥፍ አይቷታል። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት።

«አስካለ፣ ደህና አድርገሽ ነው ያጠፍሽው?»

«እንደተማርኩት አጥፌዋለሁ።»

«እስቲ እናቴ ትሙት በይ።»

«እናቴማ ከሞተች ከረመች። ቀብሯ ላይ ስላልነበርክ ነው የረሳኸው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

አሠልጣኙ መዳፉን ጀርባው ላይ አሳረፈ። «በሉ ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»