የኢቱራልዴ ጣሪያ

ዓለምነሽን ሃብቶም የሚባለው ሰው ማስጠላት የጀመራት ታላቁ በረዶ በወረደ ማግስት ነው። በረዶው በኮሎራዶ የሚገኘውን የሞንትቤሎን ሰፈር መኪና ሁሉ ጨረማምቶት ሄደ። እሱን ተከትለው ደግሞ ጣሪያ እንሥራላችሁ ባዮች ሰፈሩን እንደ አንበጣ ወረሩት። ሃብቶም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ይባስ ብሎ ቤቱ እሷ ከምትሠራበት ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው።

እሷ በየማለዳው ከጎረቤቱ ከተማ ከአውሮራ እየነዳች የምትመጣው አንድ ሽማግሌ ለማስታመም ነበር። ቤኛት ይባላሉ። ጋሽ ቤኛት ስትላቸው ደስ ይላቸዋል። ከፈረንሳይ ተራሮች ሥር፣ ላሬቤሪ ከምትባል አንዲት የባስክ ሕዝብ መንደር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በኮሎራዶ ጋራዎች በግ ሲጠብቁ የጨረሱ ሰው ናቸው። አሁን ሐኪሞቹ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት ልከዋቸዋል። የእህታቸው ልጅ ማይቴ ከመንደሩ ደውላ ዓለምነሽን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳይሰቃይ ይሂድልኝ።» ዓለምነሽም በጌታ ስም ቃል ገባችላት።

በላሬቤሪ ሰው ስሙን ከቤቱ ይወስዳል እንጂ ቤት ስሙን ከሰው አይወስድም ይላሉ ሽማግሌው። የሞንትቤሎ ቤታቸውንም በተወለዱበት ቤት ስም ኢቱራልዴ ብለውታል፤ ምንጭ ዳር ማለት ነው። ከጓሮው ቧንቧ በቀር ምንጭ የሚባል ነገር የለም፤ ግን ስሙ በእንጨት ተቀርጾ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል።

«ልጄ፣ ከዚህ ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መጀመሪያ የምታልፊው የማንን ቤት ነው?» አሏት አንድ ቀን።

«የዚያን የሃብቶምን ነዋ።»

«እንግዲያው ኤሊሳልዴ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዳር። የመጀመሪያ ጎረቤት ማለት እኛ ዘንድ ከወንድም ይበልጣል።»

«እኛም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንላለን» አለች። ጎረቤቱ ሰው ሲሆን፣ ብላ በሆዷ ጨመረችበት።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ሃብቶምን በገዛ ስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሰውየውም ከቤቱ አልጠፋ አለ። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ይንሾካሾካሉ፤ እሷ ስትገባ ዝም። አንዴ ሽማግሌው በቀጭን ጣታቸው ወደ ላይ ሲጠቁሙ፣ ሃብቶምም አንጋጦ ኮርኒሱን ጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ሲለካ ያዘቻቸው። በሞት አፋፍ ላለ ሰው ጣሪያ ሊሸጥ! ከእነዚህ ሰዎች መካከል በረዶ ያልሰበረውን ራሳቸው ሰብረው ኢንሹራንስ የሚያስከፍሉ እንዳሉ በቸርች ሰምታለች። ሃብቶም በዕድሜ ይበልጣታል፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ ማለቷን ተወች።

በሰኔ ሽማግሌው ጣር ያዛቸው። ትንፋሻቸው ይቆማል ሲሉት እንደገና ይመጣል። ዓለምነሽ ተንበርክካ፣ ጌታ ሆይ አሳርፋቸው እያለች ስትጸልይ፣ ከበላያቸው ምስማር ሲነቀል ሲጢጥ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ለቀናት ተኮማትሮ የቆየው ግንባራቸው ተፈታ። ይኼ ርጉም በሰላም እንኳ አያስተኛቸው፣ ብላ ወደ ውጪ ሮጠች።

ሃብቶም ልክ ከመኝታ ክፍሉ በላይ ጣሪያው ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ መንቀያ ብረት፣ በሌላው የተነቀለ የጣሪያ ክዳን፣ ሺንግል የሚሉትን፣ ይዟል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቀስ በይ፣ እህቴ። አደራ አለብኝ።»

«የኢንሹራንሱን አደራ?»

«ዛሬን ብቻ ተይው። ሲያልቅ እኔው መልሼ እመታዋለሁ።»

«ሲያልቅ? ሲሞቱልህ ማለትህ ነው! ጅብም እንዳንተ አይቸኩልም። ለምንድን ነው የምትነቅለው?»

«ሽማግሌው ‹ለሷ እንዳትናገር፣ በእምነቷ አይሆንም ትላለች› ብለው አስምለውኛል።»

«ቀፋፊ! አሁኑኑ ካልወረድክ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

ሃብቶም ወደ ሽማግሌው መስኮት አየ። ወረደ። እሷ እንትፍ ብላ በሩን ቆለፈችው።

አናጢው ፍቅረየሱስ፣ የቸርቿ ሰው፣ ወዲያው ደረሰላት። ሺንግሉን መለሰ፤ ለክፉም ለደጉም ብሎ በላዩ ጣውላ መታበት። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ሽማግሌው ያቃስታሉ።

«አይዞዎት፣ ሌባውን አባረነዋል» አለች እንባቸውን እየጠረገች። ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። «አዎ ጋሼ፣ ወደ ጌታ ነው የሚሄዱት» አለቻቸው።

ያ ጣር ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቃቸውም። ከሐኪም ቤት የምትላከው ነርስ መድኃኒቱን ብትጨምር ብትጨምር ጠብ የሚል ነገር የለም። «ምን ይሆን የያዛቸው?» አለች ግራ ገብቷት። ሃብቶም አጥሩን ተደግፎ ጣሪያውን ሲያይ ይውላል። ዓለምነሽ ባየችው ቁጥር መጋረጃውን ትስባለች።

እሑድ ዕለት አረፉ። በሩን መጀመሪያ ያንኳኳው ሃብቶም ነበር፤ ይህም አደራዬ ነው ብሎ አስከሬኑን በራስጌ በኩል ልሸከም አለ። ፊቱ ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወደ ላሬቤሪ ደወለች።

«ጣሩ በርትቶባቸው ነበር፣ ምን ላድርግ» አለቻት ማይቴን፣ እያለቀሰች። «ቤታቸውን ግን ጠብቄላቸዋለሁ። አንድ ሌባ ጎረቤት ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር፤ ደርሼ አስቸንክሬዋለሁ። እንዳለ ነው፣ አንዲት ቀዳዳ የለውም።»



«ታዲያ ቀዳዳ ከሌለው» አለች ማይቴ፣ «የአጎቴ ነፍስ በየት በኩል ትውጣ?»